«እንትን» ሲበዛ፦ ቃል፣ እጅና ጠረን አብረው ሲጠፉ ምን እናድርግ?

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሐዋሳ ገበያ ቅመም ሸጣለች። ኮረሪማ ፈልፍላ አንዴ ካሸተተች የዘንድሮ ይሁን የአምና ትነግራችሁ ነበር። ዛሬ ያው ኮረሪማ አፍንጫዋ ሥር ቢቀርብ ምንም አይሸታትም። ስሙም ከአፏ አይወጣም። ቀኝ እጇ ዘነዘና መጨበጥ ትቷል።

ሦስቱ ነገሮች በአንድ ቀን አልመጡም። አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ፣ በዓመታት ውስጥ ነው የመጡት። ነርቭ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀን ያንን ቅደም ተከተል ነበር። እኔና እህቴ ተያየን። አንዳችን የምንለውን ሌላችን አፈረስነው። ምንም አልጻፍንም ነበርና። ስለዚህ ከእናንተ ቤት አንድ ሰው እንዲህ ሲሆን ካያችሁ፣ መድኃኒት ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ደብተር ግዙ።

ደብተሩ ላይ ምን ይጻፋል

ቀኑን በትክክል ማወቅ አያስፈልግም። በዓል ያስታውሳል። እኔ በኋላ ሳስብ መጀመሪያ ያጣችው ማሽተትን ነበር። የ2011 ፋሲካ ዕለት ሽንኩርቱ ድስቱ ላይ ከስሎ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። «እማዬ፣ አረረ እኮ!» ስላት ቀና ብላ አየችኝና ደነገጠች። ጉንፋን ነው ብለን አለፍነው።

ከዚያ «እንትን» መጣ። ሁላችንም እንትን እንላለን። አማርኛ ያለ እንትን አይሄድም። ልዩነቱ መጠኑ ነው። ድሮ በቀን አንዴ ሁለቴ የነበረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስቴ ሲገባ፣ «እንትኑን እንትን ላይ አድርጊው» ሲሆን፣ ያኔ ጻፉ።

ቀጥሎ የመጣውን እኔ ራሴ ሳልረዳው ቆየሁ። የአማርኛ ግስ ብዙ ነገር ይሸከማል። ማን፣ ስንት ሰው፣ ወንድ ወይስ ሴት፣ ሁሉም ግሱ ጫፍ ላይ ነው። እናቴ ያንን ጫፍ መጣል ጀመረች። «ልጆቹ መጥተዋል» ለማለት «ልጅ... መጣ» ትላለች። ዕድሜ ልኳን «ነይ» ስትለኝ ኖራ «ና» አለችኝ። የቡና ጎረቤቶቻችን ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን ስህተቱን ሰምታዋለች። ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ባለበት ብዙም አታወራም። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እጇ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኝ እጇ እንጀራ ቆርሶ መጠቅለል አቃተው። ጣቶቿ ደርቀው ይቀራሉ። ክንዷ አንዳንዴ ሳታስበው ተንሳፍፎ ይቆማል። የቀሚሷን ቁልፍ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል።

በደብተሩ ላይ ከቃል፣ ከእጅና ከማሽተት ሌላ እነዚህንም ጻፉ፦ መውደቅ ካለ ወዴት እንደሚወድቅ (ወደ ኋላ መውደቅና ደረጃ ሲወርዱ ወደ ታች ማየት አለመቻል ለሐኪም ትልቅ ምልክት ነው)፣ እንቅልፍ ውስጥ መጮህና መማታት፣ የሌለ ሰው ማየት፣ ሲጠጡ ትን ማለት፣ የጠባይ ለውጥ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ በፌስታል ያዙ። በየወሩ ደግሞ በስልክ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቅረጹ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ። እኔ «ሽሮ እንዴት ነው የሚዘጋጀው?» እላታለሁ። የመጀመሪያውን ቪዲዮና ከስድስት ወር በኋላ ያለውን ጎን ለጎን ያየ ሐኪም ከእኛ ሌላ ማብራሪያ አልፈለገም።

«አታውቅም» እና «መናገር አቃታት» አንድ አይደሉም

ይህን ቤት ውስጥ መለየት ይቻላል። ለሐኪሙም ይጠቅማል፤ ለእናንተ ግን ይበልጥ ይጠቅማል፣ አያያዛችሁን ይለውጣልና።

ወንፊት አንሱና «ይሄ ምን ይባላል?» በሉ። መልስ ከሌለ «ለምንድነው?» በሉ። እናቴ ስሙን ስታጣ ሁለት እጇን ዘርግታ ነፋች። ታውቀዋለች ማለት ነው። ቃሉ ብቻ ነው የጠፋው። ሌላ ሰው ደግሞ ስሙን ብትነግሩትም «ወንፊት? ወንፊት ምንድነው?» ሊል ይችላል። ያ ሌላ ዓይነት ነው፤ የቃሉ ትርጉም ራሱ እየጠፋ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ሰው ንግግሩ ደህና ሆኖ ቃል ፍለጋ መሃል ላይ ይቆማል፤ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ብላችሁ «ድገመው» ስትሉት ደግሞ ይበተንበታል። ሐኪሞች እነዚህን ሦስቱን የሚለያዩት ከጀርባቸው ያለው በሽታ ብዙ ጊዜ ስለሚለያይ ነው። በተግባር ግን ተደባልቀው ይመጣሉ። የእናቴም እንደዚያ ነበር።

ከሰውዬው ዋና ቋንቋ ሌላ ቋንቋ ካለ እሱንም ጻፉ። እናቴ ከገበያተኞቿ ጋር ሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) ትነጋገር ነበር። እሷ ላይ በገበያ የተማረችው ቀድሞ ሄደ፤ አማርኛው ቆየ። ምርመራው ሰውዬው በደንብ በሚያውቀው ቋንቋ መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ ያልታመመውን ታመመ ያሰኛል።

ማሽተትም እንዲሁ ነው። «ምን ይሸታል?» ብሎ መጠየቅ ቃል ለጠፋበት ሰው ወጥመድ ነው። መልስ ያጣው በአፍንጫው ይሁን በምላሱ አታውቁም። እኛ ያደረግነው ይሄ ነው። አራት የሻይ ብርጭቆ ላይ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳምና የተፈጨ ቡና አደረግን። ዓይኗን በነጠላ ሸፈንን። አንዱን አስሸተትናትና ነጠላውን አንስተን «የትኛው ነው?» አልን፤ በጣት መጠቆም ብቻ። ቡናውን ጠቆመች። ሦስቱን አልቻለችም። ጤና አዳሙን ሁለቴ አቀረብንላት፤ ፊቷም አልተለወጠም። ከዚያ ነጠላው ሲነሳ ቅጠሉን በግራ እጇ አሸት አድርጋ አየችውና አንገቷን ነቀነቀች፤ በዓይኗና በጣቷ አወቀችው። ስለዚህ የጠፋባት ስሙ ብቻ ሳይሆን ጠረኑም ነበር። ይሄን ስትሞክሩ ጉንፋን የሌለበት ቀን ይሁን። በርበሬና አሞኒያ ነገር አትጠቀሙ፤ እነሱ የሚያቃጥሉት በሌላ ነርቭ ነው፣ ማሽተት የጠፋበት ሰውም ይሰማዋል።

ሳትውሉ ሳታድሩ የሚኬድበት

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ስለሚመጣ ነው። ንግግር በደቂቃ ውስጥ ከጠፋ፣ አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ያ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ደብተር አያስፈልግም፤ ባጃጅም ቢሆን ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። የጀመረበትን ሰዓት ብቻ ያዙ። ትልቅ ሰው ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ንግግሩና አካሄዱ ከተበላሸም አትጠብቁ። ጭንቅላት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም ይኖራል፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

ሐኪም ዘንድ

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ «ሳይነስና እርጅና ነው» ብሎ መለሰን። ሌላ ቦታ ደግሞ ለማቅለሽለሽ ሜቶክሎፕራማይድ ታዘዘላትና ለወራት ወሰደችው። እጇ ይበልጥ ደረቀ። በኋላ ያየናት ሐኪም ፌስታሉን ገልብጣ ካርቶኑን ስታይ ወዲያው አስቆመችው። ይህ መድኃኒት፣ እንደዚሁም ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፐሪዶል፣ ፓርኪንሰን የሚመስል መድረቅና መንቀጥቀጥ ያመጣሉ። የሌለ ሰው የሚያይ ታማሚ ላይ ሃሎፐሪዶል በጣም አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስለ ካርቶኑ የተናገርኩትን ችላ አትበሉት።

አይድንም ብላችሁ ከመቀበላችሁ በፊት ሊታከሙ የሚችሉት ምክንያቶች ይፈተሹ። ቫይታሚን ቢ 12፣ የእንቅርት ዕጢ፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፤ እነዚህ በደም ይታያሉ፤ ሕክምናም አላቸው። «እናቴን የቂጥኝ ምርመራ?» ብላችሁ አትቆጡ፤ ለሁሉም የሚታዘዝ ነው። የጆሮም ምርመራ ይጨመር። የጭንቅላት ምስል ደግሞ የግድ ነው፤ ከተቻለ ኤምአርአይ። አንዱ ምክንያት ከግንባር በስተጀርባ፣ ልክ ከማሽተት ነርቭ በላይ የሚያድግ ዕጢ መኖሩ ነው። ካንሰር ያልሆነም ይሆናል። ማሽተትን ቀድሞ ያጠፋል፣ ቀስ ብሎም ጠባይንና አእምሮን ይነካል። ሊወጣ የሚችል ነገር በእርጅና ስም እንዳያልፍ ነው።

እዚህ ሐዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል ታይተን፣ ነርቭ ሐኪም እንዲያያት አዲስ አበባ ተላክን። 275 ኪሎ ሜትር ለደረቀ ሰውነት ቀላል አይደለም። አንድ ቀን ቀድማችሁ ሂዱና እደሩ። ደክሞት የገባ ሰው ካለው ቃል ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳየው። ቀጠሮው ጠዋት ቢሆን ይመረጣል።

የተነገረን ይሄ ነው። ስሙ ፕራይመሪ ፕሮግሬሲቭ አፌዥያ ይባላል፤ ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚሄድ የቋንቋ መጥፋት። ማርሴል ሜሱላም የተባለ ነርቭ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1982 ስድስት ታማሚዎችን ይዞ ለብቻው ያለ በሽታ አድርጎ ገለጸው። ብሩስ ዊሊስ የተባለው ተዋናይ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2022 አፌዥያ፣ በ2023 ደግሞ የፊትና የጎን አንጎል ዲሜንሺያ (አእምሮ ቀስ በቀስ የሚዳከምበት ሕመም) ነው ብለው ያሳወቁት ከዚሁ ጋር የሚዛመድ በሽታ ነው። በአብዛኛው ሰው ላይ ቋንቋ በግራ አንጎል ነው። ቀኝ እጅንም የሚያዘው ግራ አንጎል ነው። ለዚህ ነው ቃሏና ቀኝ እጇ ጎረቤት ሆነው አብረው የደከሙት። ይሄን ሲነግረኝ ነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

ማሽተት ቀድሞ መጥፋቱ ግን ሐኪሙን አሳሰበው። ፓርኪንሰንና የሌለ ሰው የሚያሳየው ሌዊ ቦዲ የሚባለው በሽታ ማሽተትን ከእጅና ከእግር በፊት፣ አንዳንዴም በዓመታት ቀድመው ይነካሉ። አልዛይመርም ይነካል። ወደ ኋላ የሚጥለውና ዓይን ወደ ታች እንዳያይ የሚያግደው በሽታ ግን ብዙ ጊዜ ማሽተትን ያን ያህል አይነካም። ስለዚህ ነው ቅደም ተከተሉን የጠየቀን። በሕይወት ያለ ሰው ላይ መቶ በመቶ እርግጠኛ መሆን እንደማይቻልም አልደበቀንም። ላልደበቀን አመሰገንኩት።

በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። ለድርቀቱ ሌቮዶፓ ሞከርን። ለእሷ ብዙም አልረዳትም፤ ፓርኪንሰን ላለበት ሰው ግን በጣም ይረዳል። ከታዘዘላችሁ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይወሰድ፤ ሥጋና ወተት ይሻሙታል። በራሳችሁ ፈቃድ በአንዴ አታቁሙት። ጸበልም እንወስዳታለን። መድኃኒቷንም ይዘን ነው የምንሄደው።

ቤት ውስጥ ማውራት

የንግግር ሕክምና ባለሙያ እዚህ አላገኘንም። በተግባር የተማርነውን ልንገራችሁ።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን አጥፉ። ፊት ለፊት ተቀመጡ። አንድ ሰው ብቻ ያውራ። «ምን ትበያለሽ?» ከማለት «ሽሮ ወይስ ምስር?» በሉ፤ ሁለቱንም እያሳያችሁ። ከዚያ ዝም በሉ። እህቴ በልቧ እስከ አስር ትቆጥራለች። ቃል ሲጠፋ አፋጥናችሁ አትጨርሱላት፤ መጀመሪያ «ላግዝሽ?» በሉ። እናቴ ግራ እጇን ጉልበቴ ላይ ስታደርግ አግዥኝ ማለቷ ነው። ይሄን ምልክት አብረን ነው የፈጠርነው።

«አዎ» እና «አይ» ሲቀያየርባት አትገረሙ፤ ከአፏ ይልቅ አውራ ጣቷን እመኑ። ጥያቄውንም ገልብጣችሁ ድጋሚ ጠይቁ።

የሥዕል ሰሌዳ ሠራሁላት። ከሱቅ የገዛሁት አይደለም፤ የራሷን ድስት፣ የራሷን አልጋ፣ የልጆቿን ፊት በስልክ አንስቼ አሳተምኩ። የሌላ ሰው ድስት ፎቶ ለእሷ ድስት አልሆነላትም።

ቃል ሲጠፋ የማይጠፉ ነገሮች አሉ። «አባታችን ሆይ» ብላችሁ ስትጀምሩላት እስከ መጨረሻው ትሄዳለች። ቁጥር፣ መዝሙር፣ «እንዴት አደርሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንዲሁ። በዚህ ጀምራችሁ ወደ ሌላው እለፉ። «ጸሎት ከቻለች ለምን አታወራንም፣ አኩርፋ ነው» የሚል ዘመድ ከመጣ ግን አስረዱት። በቃል የተያዘ ነገርና አሁን ተፈጥሮ የሚነገር ነገር የሚወጡበት መንገድ ይለያያል።

እዚህ ላይ ስለ ሰው ልጨምር። ጎረቤት «ቡዳ በላት» አለ። ሌላው ጮክ ብሎ፣ ልክ ለሕፃን እንደሚያወራ ያወራታል። የእድራችንን ሴቶች ሰብስቤ ቡና አፍልቼ ነገርኳቸው፦ «ትሰማለች፤ ታውቃችኋለች፤ የጠፋት ቃል ነው። አንቱታችሁን አትተዉባት።» ከዚያ ወዲህ አንዲት ትልቅ ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ጥጥ ይፈትላሉ፤ እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣ በግራ እጇ ታዳውራለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ አይነጋገሩም። ከዚያ ቀን የተሻለ የምትተኛበት ቀን የለም።

አፍንጫ የማይጠብቀው ቤት

ማሽተት የጠፋበት ሰው ቤት ውስጥ ብቻውን ቡታጋዝ አይለኩስ። ምግብ በበሰለ ቁጥር ሲሊንደሩን ወዲያው ከላዩ ዝጉ። ጎማው የሚገጥምበት ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ገዳይ አየር ደግሞ ደህና አፍንጫ ላለውም አይሸትም። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፤ መኝታ ቤት አይደር። ወተትና የተረፈ ወጥ ላይ ቀን የተጻፈበት ፕላስተር ለጥፉ።

ጣዕምም አብሮ ይቀንሳል። እናቴ ጨውና ስኳር ትጨምር ነበር፤ ደም ግፊቷ ወጣ። ጨዋማውን ትተን ሎሚና ሚጥሚጣ ጨመርንላት፤ እነሱ ይሰሟታል።

መዋጥን ከሁሉ በላይ ጠብቁ። ውሃ ሲጠጡ ትን ካለ፣ ከበሉ በኋላ ድምፁ እርጥብ ከሆነ፣ ምግቡ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ የሳንባ ምች ያመጣል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይብሉ፣ አገጭ ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ጉርሻው ትንሽ ይሁን። ቀጭን ውሃ ካስቸገረ አጥሚት፣ እርጎ፣ ለስላሳ ገንፎ ይቀላል። ቆሎና ደረቅ ዳቦ ይቅር። በልተው ወዲያው አይተኙ። ፍቅር ነው ብላችሁ ትልቅ ጉርሻ አትስጡ፤ እኔ አንድ ጊዜ ሰጥቼ ፊቷ ሲጠቁር አይቻለሁ።

ለልብስ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሥራዬ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ነው። የቀሚሷን ቁልፎች በሙሉ ፈታሁ። አንገቱን አስፍቼ ወገቡ ላይ ሰፊ ላስቲክ አደረግሁ። የቀኙን እጅጌ ከግራው ሦስት ጣት አሰፋሁት፤ የደረቀው ክንድ ያለ ጭቅጭቅ ይገባል። ስታለብሱ የደረቀውን እጅ አስቀድሙ፤ ስታወልቁ ደግሞ በመጨረሻ። ሸበጥ ይወገድ፤ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይሁን። መሬት ላይ የተነጠፈ ስስ ምንጣፍ ይነሳ።

ድምፅ ሳይሄድ ቅዱ

ይሄን ደብተሩን በገዛችሁበት ሳምንት ጀምሩ። ዘግይተን ስለጀመርን ያለን ትንሽ ነው። ስልክ ከአፏ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ ጸጥ ባለ ክፍል፣ ጠዋት። በአንድ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይለፍ። የሚያስፈልጋትን አጫጭር ነገር ቅዱ፦ «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «በቃኝ»፣ «ትንሽ ቆይ»። የልጆቿንና የልጅ ልጆቿን ስም አንድ በአንድ፣ እሷ በምትጠራበት ቁልምጫ። የበርበሬዋን አዘገጃጀት። እያንዳንዱን ግልጽ ስም ሰጥታችሁ አስቀምጡት፤ ከፎቶው ጋር አንድ ላይ ስልኩ ፊት ገጽ ላይ ይሁን። በሌላ ስልክም ቅጂ ይቀመጥ።

ምርቃቷንም ቀዳን። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አቋርጣ ሦስት ጊዜ ጀመረች፤ ሦስተኛው ያለ ስህተት ወጣ። ዘንድሮ ልጆቹ አበባ ይዘው ሲገቡ ግራ እጇን ዘረጋች። እህቴ ስልኩን ተጫነች። ልጆቹ ጎንበስ ብለው ሰሙ፤ እሷም ከንፈሯን ከራሷ ድምፅ ጋር እያንቀሳቀሰች የመጨረሻውን «አሜን» አብራ አለች።